በሞተር ላይ ያማተበው ሰው

ለወንድሜ ለፓናጎስ፣ መርከብህ ባለችበት ባሕር ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን። ወይራው ዘንድሮ ቅርንጫፍ እስኪሰብር አፍርቷል፤ ፍየሏም መንታ ወልዳለች።

ልጄ ስትራቲስ ከፖሊስ በሞተር አምልጠሃል ተብሎ ተከሷል። የያዙት አንተ በድንገት በተሳፈርክ ማግስት ነው። «ሞተሩ የኔ ነው፣ የነዳሁትም እኔ ነኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። የነጂው ፊት በሄልሜት ስለተሸፈነ ማንም አላየውም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ፖሊሱ «ሳይረን እየጮኸበት፣ ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርስ መሪውን በአንድ እጁ ለቆ አማተበ» ብሎ መሰከረ። ችሎቱ ሳቀ። ጎረቤታችን አርጊሮማ «አይ ዘመን! ሽፍታውም ጸሎተኛ ሆነ!» አለች።

እኔ አልሳቅሁም። ስትራቲስን ታውቀዋለህ፤ እንኳን በሞተር ላይ፣ በፋሲካም ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እጁን ከኪሱ አያወጣም። ቄሱም ተስፋ ቆርጠውበታል።

ስለ አንተ ሲጠይቁኝ፣ መርከቡ አስቸኩሎት ነው እላለሁ።

እስቲ ጻፍልኝ፤ ምግቡ ተስማማህ? ወደቡ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ? በደጁ ስታልፍ፣ እናታችን እንዳስለመደችህ፣ ዛሬም እጅህ ሳታስበው ግንባርህ ላይ ይወጣል?

ፍርዱ ከፋሲካ በኋላ ነው። ቅዱስ ኒኮላስ በሰላም ይመልስህ፤ ከፋሲካ በፊት ይመልስህ።

እህትህ ኤቫንቲያ