ስለ ቁራኛና ስለ ባርናባስ ጃኬት

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለፀጋ፦ የደባርቅ ቁር ያላቀዘቀዘው ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ወረቀት ላይ ተክለሽው እያመሸሽ እንዳታጠፊው እሠጋለሁ። አክስትሽ ማንጠግቦሽ ደኅና ናት? ወጧ ጨው ከበዛበት ዝም ብለሽ ብዪ፤ እኔም ስንት ዓመት ችዬዋለሁ። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ገብሱ ደርሷል። ጉልበቴ ማታ ማታ ያጉረመርማል እንጂ ገና የአልጋ ቁራኛ አልሆንሁም።

ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ስልክሽን ከፍተሽ ለሰው ሁሉ ስለምታሰሚ ነው። ነገሩ ደግሞ ለዚያ አሠሪሽ ለሚሆነው ለባርናባስ ጆሮ አይሆንም።

የሥዕል መጽሐፍሽን ጀግና፣ ቁራኛን፣ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ሊያደርጉት እንደሆነና እስከ ኅዳር ሚካኤል ውሉን እንድትፈርሚ እንደጠየቁሽ ስትነግሪን አያትሽ ዓለምዬ እልል አለች። እኔ ግን ጆሮዬን ቀሰርሁ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ስሙን ሲሰሙ ሰው ላይ የሚያድር መንፈስ መስሏቸው «ጠበል ይወሰድ» ብለዋል። እኔና አንቺ ግን ከየት እንደመጣ እናውቃለን። አባቴ ከጎረቤታቸው ጋር በበሬ ተጣልተው፣ እንደ ጥንቱ የቁራኛ ሥርዓት የከሳሽና የተከሳሽ ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ጎንደር ለዳኛ ሲሄዱ፣ አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ፣ አንዱ ሲያነጥስ ሌላው «ይማርህ» እያለ፣ ዳባት ላይ ታርቀው ተመለሱ። ያንቺም ቁራኛ ጋቢውን ከበደለኛው ልብስ ጋር ይቋጥራል፤ እውነቱ እስኪወጣ ቋጠሮው ለሁለቱም አይፈታም። ኃይሉ ይኸው ነው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ባርናባስ ፊልሙ የሚቀረጽበትን ገደል ሊያይ ወደ ሳንቃ በር ሲያልፍ ቤታችን ገባ። የቀረበለትን ጠርጎ ስለበላ ዓለምዬ «ጨዋ ልጅ ነው» ብላ ፈረደችለት። እኔ በዓይነ ቁራኛ ያዝሁት። ስለ ጀግናው ብጠይቀው «አባባ፣ ጋቢውን በካባ ለውጠነዋል። ከእጁ የብርሃን ሰንሰለት እየወጣ ሌባውን ከሩቅ ጠልፎ ይጥላል» አለኝ። «እሱስ በምን ይታሰራል?» አልሁት። «እሱማ ጀግና አይደል? ለምን ይታሰራል?» ብሎ ሳቀ። «እንግዲያማ ይህ ቁራኛ ሳይሆን ጠላፊ ነው» አልሁት።

ያኔ ተንኮሌ መጣ። ስልኩን ሲነካካ ጠብቄ የጋቢዬን ጫፍ ከጃኬቱ ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጌ ቋጠርሁት። ሊነሣ ሲል ጎተትሁትና «ልጄ፣ አሁን ቁራኛህ ነኝ፤ ፀጋ የምትፈርመው ውል እናንተን በምን እንደሚያስር ሳትነግረኝ አትሄድም» አልሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ መኪናው እየጠበቀው እንደሆነ ነገረኝ። በመጨረሻ ጃኬቱን አውልቆ ጣለልኝና በዚያ ብርድ በሸሚዙ ወጣ። ዓለምዬ «ዮሴፍም ልብሱን ጥሎ ሸሽቷል፤ ንጹሕ ግን ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። ነገሯ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ምናልባት ልጁ ቸኩሎ ይሆናል። ቢሆንም ዮሴፍ የሸሸው ከኃጢአት ነበር፤ ይህ ግን የሸሸው ከጥያቄ ነው። ጃኬቱን በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ልኬልሻለሁ። ኪሱን እኔ አልፈተሽሁም፤ ጨዋ ነው ያለችው ዓለምዬ ፈትሻ ማስቲካ ብቻ አገኘች።

ልጄ፣ አትፈርሚ አልልሽም። ስንት ዓመት እንደደከምሽበት አውቃለሁ። ነገር ግን ውሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው አስነብቢው። ቁራኛ ያለ አንቺ ፈቃድ እንዳይለወጥ በጽሑፍ ይግባልሽ። «እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» ካሉሽ፣ እነሱ ሳይታሰሩ አንቺን ብቻ የሚያስር ቋጠሮ በእኛ አገር ወጥመድ እንደሚባል ንገሪያቸውና እጅሽን ሰብስቢ። ቴሌቪዥኑ ቢቀርበት ቁራኛ በወረቀትሽ ላይ ጋቢውን እንደለበሰ ይኖራል፤ ብርድ አይመታውም።

ማንጠግቦሽን አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ የጨውን ነገር አትንገሪያት። ትንሿን ልጇን ሃናን ጉንጯን ሳሚልኝ። ዓለምዬ ግንባርሽን ስማለች። ባርናባስንም፣ ጉንፋን ካልያዘው፣ ሰላም በዪልኝ።

ተጠራጣሪው አያትሽ ሰጠኝ
ደባርቅ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.