ክዳኑን ሳልከፍት

ለታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ ስትወጪ እንደሚያምሽ፣ ምድጃ አጠገብ መቆምም እንደከበደሽ ልጅሽ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ መነጽሬን ካላጣሁት ዓይኔም ያያል። እጄ ብቻ ሥራ ሲፈታ ይቅበጠበጣል። ይህን ጠባዬን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እውነቱን ለመናገር ደብዳቤውን የጀመርኩትም እጄን ሥራ ለማስያዝ ነው።

ፊት ለፊቴ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ልጅሽ ያመጣችልኝ የኤሌክትሪክ ድስት ተቀምጧል። እሷ ስሎው ኩከር ትለዋለች፤ እኔ ዝግተኛው ብዬዋለሁ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ዶሮ ጨምሬበት ክዳኑን ገጥሜያለሁ። ለመብሰል ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ አሁን ገና ሦስት ከሩብ ነው። እስኪበስል ድረስ መክፈት ክልክል ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ።

ዶሮው የአንቺ የዛሬ እራት ነው። ልጅሽ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ ከነድስቱ ታመጣልሻለች። ደብዳቤው አብሮ ይምጣ ወይስ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ይቅር፣ ገና አልወሰንኩም።

ድስቱ የመጣው የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። ልጅሽ ከሆስፒታል እንደወጣች፣ ነጭ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ፣ ካርቶን አቅፋ ከተፍ አለች። «አክስቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ምድጃ ላይ ማፍጠጥ ቀርቷል። ጠዋት ይጨምራሉ፣ ሲበስል ይበላሉ፤ አለቀ» አለችኝ። በመሃሉስ ምን እሠራለሁ ብዬ ጠየቅኋት። «በመሃሉማ ይኖራሉ» ብላ ሳቀች። ሰባ ዓመት ከሞላኝ በኋላ በመሃል እንዴት እንደሚኖር ከድስት ልማር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ያናደደኝም ቅለቱ ነው። ካሮትና ድንች ቶሎ ስለማይበስሉ ለሙቀቱ እንዲቀርቡ ከሥር ይነጠፋሉ። በላዩ ሽንኩርት በቀጭኑ ተከትፎ ይበተናል። የዶሮው ጭን ቆዳው ተገፎ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ተነስንሶበት ከላይ ይደረደራል። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፤ ዶሮው ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከዚያማ ማማሰል የለም፣ መቅመስ የለም፣ እሳት መቀነስ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት ባልትና ያስተማርኩ ሴት ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ።

ተነሥቼ መስኮት ከፍቼ ተመለስኩ። ከታች ያለው ልብስ ሰፊ ቀና ብሎ «እመቤት፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚበላው?» አለኝ። ከሰዓት በኋላ አልኩት። «እንግዲያው መስኮቱን ይዝጉልኝ። በዚህ ሽታ የሰው ወገብ መለካት አቅቶኛል፤ ሁሉንም ሱሪ አስፍቼ ልቆርጠው ነው» አለ። ዘጋሁለት። አምስት ሰዓት ሆኗል። የክዳኑ መስታወት በላብ ስለተሸፈነ ውስጡ አይታይም። እንዲህ መሠራቱ ሆን ተብሎ እኔን ለማብሸቅ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ብዙ ዞርኩ።

ባለፈው ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራሁበት። ክዳኑን አምስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ውሃው ጎደለ እንዴ ብዬ፣ ድንቹ ፈረሰ እንዴ ብዬ፣ አንዳንዴም እንዲያው ዝም ብዬ። ስድስት ሰዓቱ ሲሞላ ጭኑን በቢላ ብወጋው አጥንቱ አጠገብ ቀይ ነው። ለልጅሽ ደውዬ ድስትሽ አይሠራም አልኳት።

«ስንት ጊዜ ከፈቱት?» አለች።

አንዴ አልኩ። «እውነት?» አለች። ሁለቴ አልኩ። «አክስቴ!» አለች። አምስት አልኩ። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቆመውበታላ! በከፈቱት ቁጥር እኮ ግማሽ ሰዓት ይሰርቁታል። ድስቱ ታዲያ ምን ያድርግ?»

ስልኩን ዘጋሁት፤ ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም። አንቺ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሽኝን ልጅሽ ሳታውቀው እየሳቀች ጠየቀችኝ።

የዛሬ አርባ አንድ ዓመት ለክፍላችሁ የሰጠሁትን የባልትና ፈተና አንቺም ታስታውሽዋለሽ። ሆኖም ከእኔ አፍ ሰምተሽው ስለማታውቂ ልጻፈው። አሥራ ሁለት ተማሪ፣ አሥራ ሁለት ምድጃ፣ አሥራ ሁለት ዶሮ፣ የሦስት ሰዓት ጊዜ። ሌሎቹ እሳቱን አንቦግቡገው በጥብስ ሲጣደፉ አንቺ ወፍራሙን የብረት ድስት መርጠሽ በለሰስ ያለ እሳት ጣድሽው። ሰዓቱን አስልተሽ በወረቀት ጽፈሽ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ስሌቱ ትክክል ነበር።

የሌሎቹን ድስት አንድ አንድ ጊዜ ከፍቼ አየሁ። ያንቺን ስድስት ጊዜ ከፈትኩት። በሦስተኛው ላይ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «መምህርት፣ እባክዎ ይተዉት፤ ይበስላል» አልሽኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ እትዬ እንዳትዪኝ ከመጀመሪያው ቀን አስጠንቅቄሽ ነበርና። እኔም ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ፈታኝ አይታዘዝም አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደግሜ ከፈትኩት።

ደወል ሲደወል ቢላዬን ሰደድኩ። አጥንቱ አጠገብ ቀይ ነበር። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ይጨምሩልኝ» አልሽ። ደወል ደወል ነው ብዬ መዝገቡ ላይ ወድቃለች የሚለውን ጻፍኩ። ፈተናውን ካለፍሽ ተብሎ ሩቁ ከተማ፣ መምህራን ማሠልጠኛው ውስጥ የተያዘልሽ ቦታ ለሌላ ልጅ ሆነ።

በሐሙሱ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የብረት ድስት እንደዚህኛው አይቀየምም፤ በአንድ መክፈት አሥር ደቂቃ ብለው፣ ስድስት ጊዜ አንድ ሰዓት ነው። የለመንሽኝ ከሰረቅሁሽ ላይ ግማሹን ብቻ ነበር።

ለእህቴ እንዳላደላ ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል፤ ምስጋናውን እንደ ሜዳሊያ ለጥፌው ዞሬያለሁ። ላለማድላት ቢሆን ግን አንድ ጊዜ መክፈት ይበቃ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ሻንጣሽን ከአልጋ ሥር አውጥተሽ፣ አቧራውን ጠርገሽ፣ በሩ አጠገብ አቁመሽው ነበር። እያንጎራጎርሽ ፀጉርሽን ታበጥሪ ነበር። የጫማዬን ክር ሳስር ያየሁት እሱን ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን። ከፈተናው በኋላ ቤት ስገባ ሻንጣው ተመልሶ አልጋው ሥር ገብቷል። አንቺ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሻል። እኔ እራቴን በላሁ። በደንብ በላሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ተነሥቼ እጄ ክዳኑ ላይ ደርሶ ነበር። እጀታው ይሞቃል። ተመልሼ እንደ ተቀጣ ተማሪ በሁለት እጄ ላይ ተቀመጥኩ። በእጅ ላይ ተቀምጦ ደግሞ አይጻፍም፤ ስለዚህ ይኸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤትም ውስጥ መምህርት ነው የምትዪኝ። መጀመሪያ፣ ኩርፊያ ነው፣ በሳምንቱ ያልፋል ብዬ ነበር። በሠርግሽ ቀን «መምህርት፣ እዚህ ይቀመጡ» አልሽኝ። ልጅሽ ተወልዳ ልጠይቅሽ ስመጣ «መምህርት መጡልሽ» ብለሽ አሳየሻት። ክፉ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም፤ በየበዓሉ ትጠይቂኛለሽ፣ ስታመም ታስታምሚኛለሽ፤ ሁሉንም ግን ለመምህርት ነው የምታደርጊው። በሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠላሳ ዓመት ለሦስት መቶ በሽተኛ አበሰልሽ። ሳህን የመለሰብሽ ሰው እንደሌለ እሰማለሁ። መጥቼ አንድ ቀን እንኳ አልቀመስኩልሽም። ሙያሽን መቅመስ ፈርቼ ነበር ብል ታምኚኛለሽ?

ይቅር በዪኝ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ስርዙን በወረቀቱ ጀርባ ታዪዋለሽ። እዚህ አልተጻፈም ማለት አልተባለም ማለት አይደለም።

ስምንት ሰዓት ከአሥር። ስድስት ሰዓቱ ሞላ። ድስቱ ራሱን በራሱ ቀጭ አድርጎ አጠፋ። አሁን መክፈት ይፈቀዳል። ቢላዬም አጠገቤ ነው።

አልከፈትኩትም።

በዕድሜዬ ሙሉ ሳላየውና ሳልቀምሰው ከእጄ የወጣ ምግብ የለም፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ይብሰል አይብሰል አላውቅም፤ ጨውም አጉድዬ ይሆናል። ክዳኑን በወፍራም ፎጣ ጠቅልዬ ግራና ቀኝ እጀታው ላይ አስሬዋለሁ። ልጅሽ ደረጃውን ስትወጣ ይሰማኛል፤ መሮጧን አትተውም። መንገድ ላይ እንዳትከፍተው አስጠነቅቃታለሁ። ደብዳቤውንም ፎጣው ሥር አስገባዋለሁ፤ መሳቢያው ብዙ ዓመት ጠግቧል።

የመጀመሪያዋ ከፋች አንቺ ነሽ። ቢላሽን አጥንቱ አጠገብ ስደጂው። ቀይ ከሆነ እንደ ሥራዬ ፍረጂብኝ፤ አልከራከርም። ብቻ እንዲያው ከቻልሽ፣ ወድቃለች ከማለትሽ በፊት ክዳኑን መልሰሽ ግማሽ ሰዓት ጨምሪለት።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የልጅሽን ሳቅ ከቤትሽ አያጥፋው።

እትዬሽ