ጎርፍ የጠጣው ባትሪ

ነሐሴ 6፣ ረቡዕ ጠዋት

የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ላይ ነኝ። ኮሌታ ብቻ ቀርቷል። እዚህ ኦጎልቾ ጠብታ የለም፤ ላይ በበቆጂ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል፣ ወንዛችንም ሞልቷል።

የስፌት መኪናዬ የሚሠራበት የሶላር ባትሪ ወለል ላይ ነው። ከባድ ነው፣ ብቻዬን አይነሳልኝም። የሟች ባሌን ታላቅ ወንድም ኦቦ ከድርን ከፍ እናድርገው አልኳቸው። ውኃ እዚህ ደርሶ አያውቅም አሉ። ከገበያ ስመለስ ሰው ፈልጌ አስነሳዋለሁ። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ።

ነሐሴ 7፣ ሐሙስ ከሰዓት

ት/ቤት ተጠልለናል።

ትናንት ሰው አጣሁ። ዛሬ ጠዋት ዩኒፎርሙን አድርሼ ስመለስ ግቢው ሐይቅ ሆኗል። ቤት ውስጥ ውኃው እስከ ጉልበት። አምፖሉ ግን በርቷል። ከባትሪው ኃይል የሚወስደው የገመድ ማከፋፈያ ወለል ላይ፣ ውኃው ውስጥ ነው። ይህ ማለት ኤሌክትሪኩም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

ኦቦ ከድር ሱሪያቸውን ሰብስበው መጡ። ባትሪውን ሊያወጡ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«የወንድሜ ቤት ነው። ዘወር በይ።»

«እርስዎን ቀብሬ ባትሪ አልታቀፍም። ከገቡ እኔን ረግጠው ነው።»

ጎረቤት ሁሉ ያያል። ሻሼ ወድቋል፣ አላነሳሁትም። ተሳደቡ። ከበሩ አልተንቀሳቀስኩም። ብዙ ቆይቶ አምፖሉ በራሱ ጠፋ። ያኔም አላስገባኋቸውም። ተመልሰው ሄዱ።

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ውኃው ሸሸ። ሶላሩን የገጠመልን ተስፋዬ ከአሰላ መጣ። መጀመሪያ ጣሪያ ወጥቶ ፓኔሎቹን በብርድ ልብስ ሸፈነ፤ ፀሐይ እስካለ ኃይል መስጠታቸውን አያቆሙም አለ። ከዚያ በጎማ ጓንት ገመዱን ነቀለ። ባትሪው አብቅቶለታል። አይደርቅም፣ ቻርጅ አይደረግም፣ ሊነድ ይችላል። ተመልሶ እስኪወስደው ከቤት ርቆ፣ ሜዳ ላይ ይቀመጥ አለ።

ኦቦ ከድር ሰሙ። ፀሐይ ላይ ይደርቃል አሉ። ባለሙያውን ሊያስተምሩት!

ተስፋዬ በሩ ላይ በመቆምሽ ትክክል ነበርሽ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 11፣ ሰኞ

እጽፋለሁ፣ ሁሉንም።

አማቴን እማማን ልጠይቅ ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩ። ባትሪው ከእማማ አልጋ ሥር! ከሜዳው ወስደው፣ ከራሳቸው ፓኔል ጋር አገናኝተውታል። ጎኑ አብጧል። የጥፍር ቀለም የሚመስል ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። እሳቸው ጓሮ ናቸው።

ባትሪውን አልነካሁም። እማማን አቅፌ ወጣሁ። ከዘራዬ አለች። ተይው አልኳት። አጥር ጋ ሳንደርስ ከበሩ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ከዚያ ነበልባል። ኦቦ ከድር ሮጠው መጡ፣ ሊገቡ ነው። ክንዳቸውን ያዝኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው፦

«እናትዎ እዚህ ናት! ማንን ሊያወጡ ነው?»

ቆሙ። እማማን አዩ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጎረቤት በውኃና በአፈር ተረባረበ። አልጋው አመድ ሆነ፣ ግድግዳው ጠቆረ፣ ቤቱ ተረፈ። እማማ ትስላለች፣ ግን ደህና ናት። አልሐምዱሊላህ።

ነሐሴ 13፣ ረቡዕ

እማማ እኔ ጋ ናት። ጭቃው እስኪደርቅ የራሴን አልጋ ጡብ ላይ አንስቼ ሰጥቻታለሁ። ኦቦ ከድር ሁለት ቀን አልመጡም። ዛሬ ሰው ላኩ፤ በሕዝብ ፊት አዋርዳኛለች ብለው ለሽማግሌ ከስሰውኛል። ሽማግሌዎቹ ነገ ይመጣሉ። ጎረቤቴ ትዕግስት አጎንብሺና ይለፍ ትላለች። እማማ እጄን ያዘች።

አሰብኩበት። ስለ ጩኸቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ታላቄ ናቸው። ስለ ወደቀው ሻሽም እጠይቅ ይሆናል። በሩ ላይ ስለ መቆሜ ግን አልጠይቅም። ሽማግሌው ቢቆጣም፣ አካባቢው ቢያኮርፈኝም፣ ነገ ይህንኑ ፊት ለፊት እናገራለሁ።