ሁሌ አምስት ከአምስት

እሑድ 9/11፣ ጠዋት

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ደብተሬ። ተመስገን፣ መቀመጫ አገኘሁ። ዕብራይስጡን ትቼ በአማርኛ የምጽፍልሽ ከጎኔ ያለው ሰው እንዳያነበኝ ነው። ዛሬ ልኩራራ!

የኮንስትራክሽን ኩባንያው መረጃ እንድተነትን ቀጥሮኛል። ገና ሙከራ ላይ ነኝ። የሦስቱ ሳይት ኃላፊዎች ሥራ ሲያልቅ በስልካቸው ቅጽ ይሞላሉ። ቀኑ እንዴት ነበር? ከአንድ እስከ አምስት። እኔ ሰንጠረዥ አደርገዋለሁ። አለቃዬ አቪ አዲስ ፒጉም ገዝቷል፣ ሠራተኛ ወጥቶ የሚለስንበት የብረት መወጣጫ። ለአንድ ሳይት ብቻ ይበቃል። የት ይሂድ? ሰንጠረዤ ማሪና ወደሚባለው ሳይት አለ። እዚያ በየቀኑ ሮሮ ነው። የግቫት ጺዮን ሳይት ሁሌ አምስት ከአምስት፣ ስለዚህ የመጨረሻ። ኃላፊው ጋሼ ይርጋ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ የጠቆሙኝም እሳቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። አቪ ጎበዝ አለኝ። ሐሙስ ስብሰባ ላይ ይጸድቃል።

ማክሰኞ 11/11፣ ከቀትር በኋላ

ግ. ጺዮን ሄድኩ፣ ጋሼን እንኳን ደስ አለዎት ልል። አምስት ነጥብ ቀላል ነው እንዴ! ሥራው እንዴት ነው አልኳቸው። ተመስገን። ሁሉ ሰላም? እግ/ር ይመስገን። ሻይ ቀዱልኝ። እንዲያው ለወጉ ያህል ሦስተኛ ጠየቅሁ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፦ ፒጉሙ ይወዛወዛል። ሁለት ቦታ በሽቦ ታስሯል። ትናንት አንድ ሠራተኛ እግሩ ተንሸራትቶ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ነው የተረፈው።

ታዲያ ለምን አምስት ሞሉ? ገረማቸው። ሰው ተርፎ፣ ቀኑ በሰላም መሽቶ፣ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ማማረር ነውር አይደለም ወይ አሉኝ።

ወይ ጉዴ! እኔስ? እናቴ ስትደውል ወገቤ እየተቆረጠም ተመስገን ነው የምላት። ይሄን እያወቅሁ፣ ቅጹን አንዴ ብቻ እንዲጠይቅ ያደረግሁት እኔው።

ረቡዕ 12/11፣ ምሳ ሰዓት

ሙከራ ላይ ያለ ሰው ሰንጠረዤ ስህተት ነው ይላል? ቢያባርሩኝስ? ግን ያ ሰውዬ፣ በአንድ እጁ።

ጋሼ ደወሉ። ደህና ነሽ ወይ? ተመስገን። ደህና ነሽ? ተመስገን። ለሦስተኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ እንዴት ነሽ? ፈራሁ ጋሼ አልኩ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅሽ። ነገ ስብሰባው ላይ እመጣለሁ አሉኝ።

ሐሙስ 13/11፣ ከስብሰባ በኋላ

ተናገርኩ። ሰንጠረዡ ተሳስቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የአቪ ፊት ጠቆረ። ጋሼ በአቧራማ ጫማቸው ገቡ። አቪ እንደ ልማዱ ማ ሽሎምኻ፣ እንዴት ነህ አላቸው። አፋቸው ለተመስገን ሲከፈት አየሁ! ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ሎ ቶቭ» አሉት። ደህና አይደለሁም፣ ሰው ሊወድቅብኝ ነው።

በመጀመሪያው ጥያቄ! ጋሼ ይርጋ!

አዲሱ ፒጉም ዛሬውኑ ግ. ጺዮን ይሄዳል። እስኪቆም ማንም አይወጣም። ስለ እኔ ሥራ አቪ ምንም አላለም። ቢሆንም ተመስገን፣ ይቺን ከልቤ ነው የምላት። ቅጹን አሁኑኑ እቀይራለሁ። ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው፣ ለነገ ምን ያስፈራዎታል?

አቪ ጠረጴዛዬ ጋ መጣ። እንዴት ነሽ አለኝ። ባሩኽ ሃሼም አልኩት፣ ያው ተመስገን በዕብራይስጥ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደግሞ ጠየቀኝ።