ልሙጡ ባት

ቦሎኛ፣ ኅዳር 1814

ለምሳሳልሽ እትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? ባልሽና ልጆችሽስ? እናታችን ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደኅና ናት። እኔም አለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም።

ወንድማችን ቴዎባልዶ ከሩሲያ ዘመቻ ተመለሰ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ሁለት ዓመት ሞቷል ስንለው የኖርነው ልጅ በሩን ሲያንኳኳ እናታችን አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እኔም አለቀስኩ። ውሎ ሲያድር ግን ጥርጣሬ ገባኝ። ሽንኩርት የሚሸት ምግብ የማይቀምስ የነበረው፣ አሁን ሽንኩርቱን ጥሬውን ይገምጣል። የውሻችንን ስም ብጠይቀው ብርዱ ያልወሰደብኝ ነገር የለም ብሎ ፊቱን አዞረ። ለእናታችን ብነግራት ጦርነት ሰው ይለውጣል፣ አትነዝንዢው ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ስለዚህ ተንኮል ሸረብኩ። ለመጽሐፍ አታሚው በብዕር የጀመርኩት ሥዕል አለ፤ ንጉሥ ኦዲሲዩስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ቤቱ ሲገባ፣ አሮጊት ሞግዚቱ እግሩን ስታጥብ በጠባሳው ስታውቀው። ሰውየው ንጉሡን፣ እናታችን ሞግዚቷን ሆነው እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸው። ቴዎባልዶን በልጅነቱ የወፍጮ ቤቱ ውሻ ግራ ባቱን ቦጭቆት የለ? ደሙን ያጠብሽለት አንቺ ነሽ።

እያመነታ ሱሪውን ሰበሰበ። ባቱ ልሙጥ ነበር።

ከብዕሬ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። ማየቴን አየ፤ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፋ። እኔ እናታችንን አየኋት። ብርድ ጣቶቹን የበላበትን ያንን እግር፣ ከመጣበት ዕለት ጀምሮ በየቀኑ አጥባ ቅባት የምትቀባው እሷ ናት።

እጇን ከውሃው ሳታወጣ፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? ጠባሳውን ሣዪው እንጂ። ቦታውን ታውቂው የለ" አለችኝ።

እሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "ሲሞት ብቻውን አልነበረም" አለ። እናታችን እግሩን አደራረቀችለትና ሾርባ ልታቀርብ ተነሣች።

ጠባሳውን ሣልኩት። አታሚው በጣም ወደደው።

ለገና ስትመጪ ቴዎባልዶ ብለሽ ጥሪው፤ እናታችን ደስ ይላታል። አደራሽን፣ እሑድ ለሙታን ሻማ ስታበሪ አንድ ጨምሪልኝ። ካህኑ ለማን ነው ቢሉሽ ስም አትጥሪ።

ድንግል ማርያም አንቺንና ቤትሽን በካባዋ ትሸፍናችሁ።

ታናሽሽ