አራተኛዋ ምስክር

እህት ዓለም፣ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽስ ተሻለው? ባልሽስ፣ መንትዮቹስ? እኛ ለክፉ አንሰጥም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ግን ደም ግፊቷ ተነሥቶባት ከተኛች ሳምንት አለፋት። ሴት ልጇ ከሥራ ቀርታ ታስታምማለች። እኔ ስትቃትት በግድግዳው እሰማታለሁ እንጂ ገብቼ አልጠየቅኋትም። በዚህ ዕድሜዋ አኮረፈች እንዳትዪኝ፣ ነገሩን ላውጋሽ።

ወንድ ልጇ መድኃኒት ቤት ሰብረሃል ተብሎ ሦስት ዓመት እንደተፈረደበት ጽፌልሽ ነበር። ያልጻፍኩልሽ፣ ከረጢት ተሸክሞ ሲወጣ በመስኮት አይቼ የመሰከርኩት እኔ መሆኔን ነው። አልዋሸሁም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። የምስክር ቀን እናቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ልጁ ዓይን ለዓይን አይቶኛል፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላለም። ወህኒ ቤት የሚያደርሳት ሰው እንዳታጣ ብሎ ይመስለኛል። በየቅዳሜው ክንዷን ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ አሳፍሬ የማደርሳት እኔ ነኛ! አንድ ቀን መንገድ ላይ፣ "ልጄን ያስበላ ምላስ ይቆረጥ!" ስትል፣ እኔ ሞኟ "አሜን" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

አሁን ፍርድ ቤቱ የወንጀል መዝገቦችን ኢንተርኔት ላይ አወጣቸው። ስም ሲጽፉበት ሁሉም ዝርግፍ ይላል፤ የእኔ ስም አራተኛ ምስክር ተብሎ ከነቤት ቁጥሬ፣ ቃሌም ከነመንተባተቤ። ዳኛ እንዳያዳላ ሕዝብ ማየቱ ጥሩ ነው ይላሉ። ይሁን። ባለሱቁ ግን ሥራ ፈትቶ የሰፈሩን ሰው ስም በየተራ ሲፈልግ አገኘኝና፣ ደንበኛ ሰብስቦ አነበበው። ዳቦ ልገዛ ብሄድ፣ "አራተኛ ምስክር፣ ዳቦው ትኩስ መሆኑን ይመስክሩልን እንጂ!" አለኝ። ሳቁብኝ። ልብስ ሰፊዋ የወደቀችው በዚያው ቀን ነው።

እውነት መናገሬ አይቆጨኝም፤ ከእኔ አፍ ሳትሰማው ከባለሱቅ አፍ መስማቷ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው።

ባልሽን እንደ ወንድሜ ሰላም በዪልኝ። የመንትዮቹን ጉንጭ እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥታለች በዪልኝ።

እህትሽ፣ ከዚያው ከምታውቂው ቤት፣ ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የልብስ ሰፊዋ ሴት ልጅ መጣች። ግቢ ብላት ከደጃፉ አላለፈችም። "እናቴ ትንሽ ተሽሏታል። እኔ ለቅዳሜ ፈቃድ አላገኘሁም። እሷ ግን ወህኒ ቤት ብቻዬን እሄዳለሁ፣ አትጠብቀኝ ብላለች" አለችኝ።