ከወደቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው

ፍኖተ ሰላም፣ መስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ይሄይስ፣

እንዴት ዋልክ? ያደርኩት ጋቢህን ለብሼ ነው፤ እንዳትቆጣ። ቡሬ ላይ አፈር ካለበስንህ ወዲህ እናታችን «ትምህርቱ ይቅር፣ ከዐይኔ አትራቅ» ትለኛለች። ትናንት የመጣሁትም ከኪራይ ቤታችን ዕቃችንን ሰብስቤ ልመለስ ነበር።

የሲኒማው መኪና ለፊልም ማሳያ አቡጀዲውን የሚወጥርበትን የገበያ ሜዳ ሳልፍ ያ ባርኔጣው የማይወልቅ ወፍራም ቀለም ቀቢ ትዝ አለኝ። ሲኒማ አፍ በፈታ ሰሞን ከተሠሩት አጫጭር አስቂኝ ፊልሞች ሁሉ እሱን ትወደው ነበር። መጀመሪያ የታየ ዕለት ከነቀለሙ ከመሰላል ሲወድቅ ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ «እኔን! እኔን!» አሉ። አለቃ ዓለምብርሃን መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

«የሰው ያለህ! ምን ተጎልታችሁ ታያላችሁ? አንሡት እንጂ!»

አንተ ከአቡጀዲው ጎን ቆመህ የፊልሙን እንግሊዝኛ ትተረጉም ነበር። «ይቀመጡ አባቴ፤ አልተጎዳም። ይህ ሰው ከወደቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ተነሥቶ፣ አግብቶ፣ ልጅ ድሯል።»

«እንግዲያማ ተመስገን!» ብለው ቁጭ አሉ። ሁለተኛ ሲወድቅ ቀድመው የሳቁት እሳቸው ናቸው።

እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድምዓለም። እንግሊዝኛ በትጋት የተማርኩት ምን ያህል እንደምትቀጥፍ ለማወቅ ነበር። አወቅሁ። ሰውየው ስለ ደመወዙ ሲነጫነጭ አንተ ከአማቱ ጋር ታጣላው ነበር። ያንተው ይሻላል፤ ለማንም አልተናገርኩም። መኪናው ቡሬ የመጣ ጊዜም እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አየኋት፤ ይህንንም ያሳየኸኝ አንተ ነህ። ነፍስህን ሳቅ ከሚያውቁት ጻድቃን ጎን ያኑርልኝ።

ዛሬ ማለዳ ብቻዬን ነቃሁ። አንተ የምትተኛበትን መደብ ላለማየት ፊቴን አዙሬ ዕቃውን ጠቀለልኩ። ሳጥኑን ተሸክሜ ስወጣ ደጃፉ ላይ ጭቃው አዳለጠኝና ከነሳጥኑ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። አከራያችን እትዬ እናኑ «እኔን ልጄን! እኔን!» እያሉ ከማጀት ሮጠው ወጡ።

«አልተጎዳም፣ እትዬ» አልኩ ከጭቃው ውስጥ፤ «ከወደቀ ሠላሳ ዓመቱ ነው።»

ባሉበት ቆሙ። «አዬ! ድምፁ የሱ ነው» አሉና ሳቁ፤ እየሳቁ በነጠላቸው ዐይናቸውን ያዙ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ተነሣሁ። ሳጥኑን ወደ ቤት መለስኩት። ቡሬ በሚሄድ ነጋዴ ለእናታችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ እንደማያት መልእክት ላክሁላት፤ ሱሪዬን አጥቤ፣ እርጥቡን ለብሼ፣ ደወሉ ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረስኩ።

ወንድምህ ቢሆነኝ